ጉድጓዱን የምታሸተው ሴት

ቆዳ ፋብሪካው ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ «አነፍናፊት» ነበር የሚሏት። እሷም አትቀየምም። ሰው በሙያው ቢጠራ ምን ነውር አለው? አንዱ በጉልበቱ ያድራል፣ ሌላው በምላሱ፤ እሷ ደግሞ በአፍንጫዋ።

ሥራው እንዲህ ነው። ጥሬ ቆዳ መጀመሪያ በኖራና በሰልፋይድ ተዘፍዝፎ ፀጉሩ ይረግፋል፤ ኋላ ላይ አሲድ ውስጥ ይገባል። የሁለቱም እጣቢ በየቦዩ ወርዶ ግቢው ጥግ ካለው ጉድጓድ ይጠራቀማል። እዚያ ሲገናኙ እንደ ጣውንት ናቸው፤ ሰላም የላቸውም። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣቸዋል፤ ጋዙ ደግሞ ሰው ይገድላል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው የፍሳሽ ፓምፕ በጭቃና በፀጉር ሲታፈን ማንም ዘሎ አይገባም። «አነፍናፊት ትጠራ!» ይባላል። እሷ ክዳኑን አስነሥታ ትንበረከካለች፣ አንገቷን ወደ ውስጥ ታሰግጋለች፣ በረጅሙ ትስባለች። ከሸተታት እጇን ታነሣለች፤ ሰዉ ይጠብቃል። ሽታው ሲጠፋ «ነፃ ነው» ትላለች፤ ሰው ይወርዳል። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ኖረች፤ ከነራስ ምታቷ፣ ከነዓይኗ መቅላት።

ሥራ ያስገባት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ የክፍሉ ፎርማን። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ያሳደጋት እሱ ነው ማለት ይቻላል። ደብተር የገዛላት እሱ፣ ወባ ሲይዛት አዝሎ ሐኪም ቤት የሮጠው እሱ። «ጋሼ አለ ማለት አለቀ ማለት ነው» ትል ነበር ለባልደረቦቿ። ከአራት ዓመት በፊት ፋብሪካው ለአንድ ሳምንት ስልጠና ልኮት፣ አዲስ ቆብ ደፍቶ፣ አዲስ ቦርሳ አንግቦ ተመለሰ።

«ምን አስተማሯችሁ ጋሼ?» አለችው።

«ምን አለ ብለሽ ነው? የምናውቀውን ነዋ መልሰው የሚነግሩን!» ብሎ ሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች።

ጉዱ የመጣው ከሁለት ቀን እረፍት በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ፓምፑ ቆሟል፣ ፍሳሹ ግቢውን ሊያጥለቀልቅ ነው፣ ሥራ አስኪያጁ በስልክ ይጮኻል። ክዳኑ ሲነሣ ሽታው ወደ ኋላ ሊጥላት ደረሰ። እጇን አነሣች። ግን ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ እልም ብሎ ጠፋ። ደግማ ሳበች። ምንም የለም።

«ነፃ ነው» አለች።

ባለፓምፑ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር የቀረው፣ አፉ ከቀልድ የማያርፍ ሰውዬ ነው። የመሰላሉን ጫፍ ያዘና «አደራ አነፍናፊት፣ አንድ ነገር ብሆን ሚስቴ አንቺን ነው የምትይዘው፤ ደሞ ከያዘች አትለቅም፣ እኔን አይተሽ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። አራተኛው እርከን ላይ ሲደርስ እጁ መሰላሉን ለቀቀ። ወገቡ ላይ በታሰረው ገመድ ጎትተው እስኪያወጡት ድረስ ስድስት ሰው ተረባረበ።

አልሞተም። ሆስፒታል ከርሞ ቤቱ ሲገባ ግን ሸሚዙን መቆለፍ የማይችል ሰው ሆኖ ነበር። ልትጠይቀው ስትሄድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ትክ ብሎ አያትና «የማን ልጅ ነሽ?» አላት። ያ ቀልደኛ! ሚስቱ በር ድረስ ሸኘቻት፤ አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ሰው እየሰማች ያማት ጀመር። «አሥራ ሰባት ዓመት ያልሳተ አፍንጫ ምን ነካው?» ይላሉ። የሰው ሕይወት በእጄ ተበላሸ ብላ አመነች። ወንድሟ ትከሻዋን መታ መታ እያደረገ «ለማንም ምንም እንዳትናገሪ። ሆድ ይፍጀው በይ፣ እኔ እይዘዋለሁ» አላት። አምና ዝም አለች።

በሦስተኛው ሳምንት የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ መጣች፤ ቀጭን፣ ድምጿ ለስለስ ያለ ሴት። መጋዘኑ ውስጥ አስቀምጣ ጠየቀቻት።

«መጀመሪያ ሸትቶሽ ነበር?»

«በጣም እንጂ። ከዚያ ጠፋ።»

ተቆጣጣሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እህቴ፣ ሽታው አልጠፋም። አፍንጫሽ ነው የደነዘዘው። ይሄ ጋዝ ሲበዛ አፍንጫ ያፈዛል። እንዲያውም ሽታው ድንገት ሲጠፋ ነው መሸሽ። ስልጠናው ላይ መጀመሪያ ቀን የሚነገረው እኮ ይሄ ነው!»

«የምን ስልጠና?»

ከፋይሏ ሁለት ወረቀት አወጣች። አንደኛው ላይ ከአራት ዓመት በፊት ስልጠናውን ጨርሶ የጋዝ መለኪያ የተረከበ ሰው ፈርሟል። ፊርማውን ታውቀዋለች፤ የትምህርት ቤት ካርዷ ላይ በወላጅ ቦታ ይፈርምላት የነበረው ነው። ሁለተኛው የአደጋው ሪፖርት ቅጂ ነው፦ «ሠራተኛዋ በመለኪያ እንድትጠቀም የተሰጣትን መመሪያ ወደ ጎን ትታ፣ በራሷ ፈቃድ…» ከሥሩ የዚያው ሰው ፊርማ አለ፤ አጠገቡ የእሷን የሚጠብቅ ባዶ መስመር።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ከመሬት ሆኖ ለሚተርተው ቀላል ነው፤ የወደቀው ነው የሚያውቀው።

ሳታንኳኳ ቢሮው ገባች። «መለኪያው የታለ?»

ሊክድ አሰበ፤ ፊቷን አይቶ ተወው። መሳቢያውን ሳበ። ቢጫ መሣሪያ ነው፤ የተጠቀለለበት ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም።

«ይጮኻል እኮ» አለ። «ስልጠናው ላይ አይቼዋለሁ፣ በትንሽ በትልቁ ይጮኻል። በጮኸ ቁጥር ሥራ ሊቆም ነው። ሰዉ ደግሞ አንቺን ያምናል።»

«አፍንጫ እንደሚደነዝዝስ ታውቅ ነበር?»

«ብነግርሽ ትፈሪ ነበር።» ዋናውን ሪፖርት ወደ እሷ ገፋ አደረገ። «ስሚኝ እህትዓለም፣ አንቺን ቢበዛ ከሥራ ያሰናብቱሻል፤ ሌላ እፈልግልሻለሁ። እኔን ግን ያስሩኛል። ልጆቹን አስቢያቸው። ፈርሚልኝ።»

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ እስክሪብቶውን አንሥታ ነበር። ያሳደገ ሰው «ፈርሚልኝ» ሲል እጅ ከልብ ቀድሞ ይሄዳል። ግን አንድ ነገር ሳትጠይቅ መፈረም አልሆነላትም።

«ጋሼ፣ አራት ዓመት ሙሉ አንገቴን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ስሰድ፣ እሷስ ብትወድቅ ብለህ አንድ ቀን አስበህ ታውቃለህ?»

«እስካሁን ምንም አልሆንሽም እኮ!» አለ፣ ጥያቄው ከልቡ ገርሞት።

እስክሪብቶውን አስቀምጣ ወጣች። ተቆጣጣሪዋን ግቢ በር ላይ ደረሰችባትና ያለውን ሁሉ ዘረገፈችላት፤ መሳቢያው ስንተኛው እንደሆነ ሳይቀር።

ወንድሟ በተያዘ ማግስት እናቷ ደወለች። «ያሳደገሽን ሰው አሳልፈሽ ሰጠሽው?» አለች። እሷም ስለ ጋዙ፣ ስለ ስልጠናው፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ስለኖረው መለኪያ ቀስ ብላ አስረዳቻት። እናቷ አንዴም ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ልጄ አውቆ አያደርገውም» አለች በመጨረሻ።

«አውቆ ነው፣ እማዬ። እኔም ልጅሽ ነኝ።»

ስልኩ ተዘግቶ ነበር።