ባጃጅ ላይ የተለጠፈው ባሌ

ግጥም የጀመርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠርቻለሁ፤ እዚያ የሰውን ጠባይ በነጻ ይማሩታል። መጀመሪያ የጻፍኩትም ከዚያው የወጣ ነው፦ «መንገድ ላይ ሁሉም ደህና ነኝ ይላል፤ ካርድ ክፍል ግን ሰልፍ ነው።» ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ጓደኛዬ አንብባ ሳቀች። በትልልቁ አትማ ለባጃጅ ሾፌሮች አደለችልኝ፤ እነሱም ከወንበራቸው ጀርባ ለጠፉት። ቀጥዬ «ስብሰባ ላይ ዝም ያለ በር ላይ ንግግር ያደርጋል» አልኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ ስሜ ሳይጻፍ፣ ደብረ ብርሃንን መዞር ጀመርኩ።

ለባሌ አልነገርኩትም። እሱ የአማርኛ መምህር የነበረ ነው፤ «ዳቦ ግዛ» ብዬ ጠረጴዛ ላይ የተውኩለትን ወረቀት እንኳ በቀይ እስክሪብቶ አርሞ የሚመልስ ሰው። አይረባም ካለኝ ዳግመኛ እንደማልጽፍ አውቅ ነበር። ስለዚህ ፈራሁት።

አንድ ቀን ከጠባሴ ሰፈር እየሳቀ ገባ። ጫማውን ሳያወልቅ ጋቢውን ደርቦ ተቀመጠና «ባጃጅ ላይ ምን አነበብኩ መሰለሽ!» ብሎ በቃሉ ወጣው፦

እሱ ብርዱን ያማርራል ጋቢ ተከናንቦ፤
እሷ እንጨት ትፈልጣለች ላቧ ተንጠባጥቦ።

«የጻፈው ሰውዬ ብልህ ነው። ከአሥር ዘጠኝ!» አለ።

በማስተማር ዘመኑ ሁሉ ለማንም ዘጠኝ ሰጥቶ አያውቅም። ደስ ሊለኝ ሲገባ «ሰውዬ» ያላት ነገር አንገበገበችኝ።

«ሰውዬው እኔ ነኝ» አልኩት።

ሳቁ ቆመ። እኔን አየኝ፤ በመስኮት ጓሮ የከመርኩትን ፍልጥ አየ።

«ታዲያ ባልየው... እኔ ነኝ?»

«ሌላ ባል አለኝ እንዴ?»

ተነስቶ ወጣ። ምላሴን ረገምኩት። ሁለት ቀን ከእግዜር ሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። ግጥሙን ልተወው ይሆን ብዬም አሰብኩ፤ ልቤ ግን እምቢ አለ። በስተርጅና ያገኘሁትን ደስታ ለኩርፊያ ብዬ ልጥለው አልቻልኩም። እሱንም ማስቀየም አልፈልግም ነበር። ጨነቀኝ።

ቅዳሜ ገበያ ልንሄድ አብረን ባጃጅ ተሳፈርን። ቀና ስል ያቺው ግጥም ፊታችን ተለጥፋለች። አጠገቤ የተቀመጠች የማናውቃት ሴት አነበበችና ከት ብላ ሳቀች።

«ወይ ጉድ! ይሄማ የኔ ባል ነው!» አለች።

አንገቴን ደፋሁ። ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅርታ እመቤት፣ ባልየው እኔ ነኝ» አላት።

ሴትዮዋ ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እሱ ግን አልጨረሰም። እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈና፣ ሾፌሩም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ገጣሚዋ ደግሞ ይቺ ባለቤቴ ናት» አለ።