ፈይሩዝ ሰንበቴ ገበያ ላይ ዜናዋን የተናገረች ዕለት

ከሚሴ ውስጥ ለእንግዳ የሚታየው ምንድን ነው? ነዋል ይህን ጥያቄ ለአንድ ሳምንት ያህል ላገኘችው ሁሉ ስታቀርብ ከረመች። ከተማዋ በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ላይ ያለች ናትና ብዙ ሰው የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። የባጃጅ ሾፌሩ ቶፊቅ፣ "መናኸሪያውን አሳዪያቸው፤ ከዚያ ወደ ሁሉም ቦታ ይኬዳል" ብሎ ሳቀባት። አማቷ እማ ፋጡሜ ደግሞ ተገረሙ።

"እንግዳ ሊበላ እንጂ ሊያይ ይመጣል እንዴ? በግ ይታረዳል፣ ዱዓ ይደረጋል፤ ሌላ ምን ፈለግሽ አንች ልጅ?"

ነዋል የፈለገችው ከዚያ በላይ ነበር። የተወለደችው ሱዳን፣ ኦምዱርማን ነው። ከሚሴ የገባችው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ሱዳን ውስጥ በመካኒክነት ይሠራ የነበረውን ኑርሁሴንን አግብታ ነው። ዛሬ ገበያው አጠገብ የልብስ ስፌት ሱቅ አላት። የልጅነት ጓደኞቿ ፈይሩዝና ሳቢራ ጦርነቱን ሸሽተው አዲስ አበባ ቤት ተከራይተዋል። ፈይሩዝ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ እንስሳ ከነካች ግን ሁለት ዓመት አልፏታል። በሚቀጥለው ወር ካምፓላ ልትሄድ ወስናለች። ነዋል ልታስቀራት ትፈልጋለች። እንግዶቿ ከሚሴ የሚቆዩት ሦስት ቀን ነውና ለዚህ ያላት ጊዜ ያው ነው።

ጉብኝቱን ያቀደችው በቅደም ተከተል ነው። "መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ሣር፣ ከዚያ ከብት" አለች። ሰውን ሳያውቁ ሣሩ የማን እንደሆነ አይገባም፤ ሣሩን ሳያዩ ደግሞ ከብቱ ለምን እንደወፈረ አይታወቅም።

አርብ ዕለት ሱቋ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ደንበኞቿ "አካም ቡልተ?" ብለው በኦሮምኛ ገብተው፣ ስለ ቀሚሱ ርዝመት በአማርኛ ተከራክረው፣ "አላህ ይስጥሽ" ብለው ይወጣሉ።

"አንቺ በየትኛው ነው የምትመልሺው?" አለች ሳቢራ።

"በጀመሩልኝ። መሀል ላይ ሲቀይሩ እኔም እቀይራለሁ። ዋጋ ሲቀንሱብኝ ግን በዓረብኛ ነው የምቆጣው።"

ቅዳሜ ወደ ጨፋ ረግረጋማ ሜዳ ወረዱ። ሜዳው በበጋም አይደርቅም፤ ቆላው በድርቅ ሲከብድ አፋሮች፣ ደጋው ሣር አልቆበት ሲነጣ ደገኞች ከብታቸውን ይዘው የሚመጡት ለዚህ ነው። ፈይሩዝ ውሃው ዳር ቁጢጥ አለችና፣ "እዚህ ቀንድ አውጣ አለ?" ስትል ጠየቀች። የጉበት ትል ወደ ከብት የሚደርሰው በቀንድ አውጣ በኩል ነው። ነዋል መልሱን አታውቅም፤ ጓደኛዋ እንደ ሐኪም መጠየቋ ግን አስደሰታት።

እሑድ ወደ ሰንበቴ ከተማ ሄደው ገበያው ውስጥ ገቡ። አቧራው፣ የፍየሉ ጩኸት፣ ከቆላ የመጡ ግመሎች፣ ከደጋ የወረዱ በጎች። ፈይሩዝ አንድ የሚያነክስ ግመል አየች። ምንም ሳትናገር ሰው እየገፋች ሄዳ የፊት እግሩን ያዘች።

ባለቤቱ፣ የአፋር ሽማግሌ፣ ገመዱን ሳብ አደረጉ። "ግመሌን ከመንካትሽ በፊት አፍ የለሽም?" አሉ በአማርኛ።

ነዋል ተረጎመችላት። "ሐኪም ነኝ በያቸው" አለች ፈይሩዝ።

"ሐኪም ሰላም አይልም እንዴ? በእጁ ነው የሚያወራ?"

በዙሪያው ያሉት ሳቁ። ፈይሩዝ ፊቷ ተለዋወጠ። ነዋል ግን የተናደደችው በራሷ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሁሉን ስታስረዳ ዋናውን ረስታዋለች፤ እሷ ከለመደችው ስለቆየ፣ ለእንግዳ መነገር ያለበት ነገር መሆኑ ጠፍቷታል። አፋር ከሰው ሲገናኝ አስቀድሞ ዳጉ ይቀመጣል። ዳጉ የዜና ልውውጥ ነው፦ ከየት መጣህ፣ በመንገድህ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ? ያዩትና የሰሙት አይደባለቅም። መዋሸት ነውር ነው። ሌላው ጉዳይ ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ነዋል ይቅርታ ጠይቃ ሦስቱ ሴቶች ከሽማግሌው ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌው ጠየቁ፤ ነዋል እንግዳዋ ከሱዳን መሆኗን ነገረቻቸው፤ ፈይሩዝ ግን፣ "ደህና ነው፣ አልሀምዱሊላህ" ብቻ አለች።

"ከሱዳን እዚህ ድረስ መጥታ ያየችው ይኼን ብቻ ነው?"

ፈይሩዝ ቀስ ብላ ጀመረች። ተኩሱ ሲቀርብ በምትሠራበት ክሊኒክ የነበሩትን እንስሳት በሩን ከፍታ እንደለቀቀች፣ መተማ እስክትደርስ ስንት ቀን እንደፈጀባት ተናገረች። ነዋል ትተረጉማለች። ሽማግሌው አያቋርጡም።

"ቤቴም ተቃጥሏል" አለች በመጨረሻ።

"አይታለች?"

"አላየሁም። ነግረውኛል።"

"እንግዲያው ተቃጥሏል አትበል። ተቃጥሏል ብለውኛል ትበል።"

ፈይሩዝ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። ሽማግሌውም በተራቸው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ሰፈራቸው ውስጥ ስለገባው የግመል ሳል ተናገሩ። ያዩትን አይቻለሁ፣ የሰሙትን ሰምቻለሁ አሉ። ከዚያ ገመዱን ሰጧት።

"በይ አሁን እይው።"

ከመዳፉ ሥር የግራር እሾህ ተሰብሮ ቀርቷል። ጉጠት ተዋሰች፣ አወጣችው፣ ቁስሉን አጠበች። ቀና ስትል አራት ሰዎች ከብቶቻቸውን ይዘው ቆመዋል፤ አንዱ በግ ተሸክሟል። ፈይሩዝ የመጀመሪያውን ሰውዬ አየችና፣ "ነዋል፣ ከየት እንደመጣ ጠይቂልኝ" አለች።

"እቺ ማን ናት?" አለ አንድ ነጋዴ።

"ጓደኛዬ ናት" አለች ነዋል፤ ድምጿ ከሚገባው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። "ያገሬ ልጅ፣ የእንስሳት ሐኪም!"

ፈይሩዝ የካምፓላውን ጉዞ አልሰረዘችውም። ለሦስት ወር አራዝማዋለች። የምስክር ወረቀቷ በዓረብኛ ነው፤ ነዋል አስተርጉማ ስለ ሥራ ፈቃድ ስትጠይቅ፣ ጓደኛዋ ከተማረችበት ዩኒቨርሲቲ ማረጋገጫ ይምጣ ተባለች። ዩኒቨርሲቲው በጦርነቱ ተዘግቷል። ስለዚህ ነዋል የስፌት ማሽኗን ሸፍና፣ ጠዋት ጠዋት በዋትስአፕ የተበተኑትን መምህራን አንድ በአንድ እያፈላለገች ነው። ካይሮ ያለው መምህር የስልክ ቁጥሩን ቀይሯል። ፖርት ሱዳን ያሉት መምህርት ግን ትናንት መልእክቷን አንብበዋል፤ ዛሬ ልትደውልላቸው ነው።