በእጅ ያልዞረው ሳይረን

ካልጋሪ ውስጥ በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ፎርማኑ ግሌን ቀበቶና የብሎን መፍቻ ኪያቤ ሰጠኝና ሳይረን ወደተሰቀለበት ምሰሶ ጫፍ አመለከተኝ። «ሞዴሉ ያለበትን ታርጋ ጻፍ፣ ፎቶ አንሳ፣ ከዚያ እናወርደዋለን» አለኝ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ኩባንያችን የድሮ የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያ ሳይረኖችን ከየምሰሶው ያወርድ ነበር፤ እኔ የኤሌክትሪሽያን ረዳት ነበርኩ።

ሥራው ሱስ ሆነብኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሊስታችን ላይ የሌሉትን ፍለጋ በመኪናዬ መዞር ጀመርኩ። ሞዴሉ፣ ድምፅ የሚያወጡት ቀንዶች ብዛት፣ የምሰሶው ቁመት፣ ሁሉም ደብተሬ ላይ ይሰፍራል። ሚስቴ አልማዝ «የሰው ባል ቅዳሜ ኦቨርታይም ይሠራል፤ የኔው አንጋጦ እንጨት ሲቆጥር ይውላል» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው።

ሚስተር ኖርማንን ያገኘኋቸው አንድ ምሰሶ ሥር ነው። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት እነዚህኑ ሳይረኖች ግራሶ የሚቀቡ ቴክኒሽያን ነበሩ። ተስፋዬ ማለት ስለሚከብዳቸው ቴስ ይሉኛል። «ቴስ፣ መብራቱን አጥፍተህ ቆልፍ፤ ከዚያ ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረውን ሮተር በእጅህ አዙረው። ካላዞርክ ምንም አታውቅም» ይሉኝ ነበር፣ ሁሌ።

ከአቢዴል ሰፈር ወረድ ብሎ፣ ሜሞሪያል ድራይቭ አጠገብ የቆመውን ሳይረን ከሟች ወንድማቸው ጋር ነበር የሰቀሉት። አንድ የገጠር እሳት አደጋ ጣቢያ፣ ሞተሩ የሚሠራ ከሆነ እንዳለ እወስደዋለሁ ብሏል። ካልሠራ ስክራፕ ነው፤ ለቁርጥራጭ ብረት ይሄዳል። የእሳቸው ጉልበት መሰላል አይችልም።

«አንተ ውጣልኝ» አሉኝ።

«እሺ» አልኳቸው።

ያን ቅዳሜ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። መሰላሉን ከመኪናው ሳላወርድ በባይኖኩላር አየሁት። ከሥሩ ቀይ ዝገት ወርዷል። እንዲህ የዛጉትን ስከፍታቸው ብዙዎቹ አይዞሩም ነበር። «ሞተሩ ተይዟል፤ አይዞርም» ብዬ ጻፍኩ። ሰነፈ በሉት፣ አውቃለሁ ባይ በሉት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የኔ ከእስክሪብቶ ወጣ።

ግሌን ደብተሬን ያምን ነበር። ሰኞ አየውና «ስክራፕ» አለ። ቀንዶቹን በእሳት ቆርጠን ሞተሩን ከላይ ለቀቅነው። መሬት ሲመታ ቀፎው ተሰነጠቀ።

ሚስተር ኖርማን የመጡት ትራኩ ላይ ስንጭነው ነው። ጓንታቸውን አውልቀው ሮተሩን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት። ዞረ። የውስጡ ግራሶ ገና ለስላሳ ነው፤ ዝገቱ ከማሰሪያው ብሎን የወረደ ኖሯል።

«ወጥተህ ነበር?»

«አልወጣሁም፣ ሚስተር ኖርማን።»

«ገባኝ» ብለው ጓንታቸውን አጠለቁና ሄዱ። አልሰደቡኝም። ምነው በሰደቡኝ!

ከዚያ በኋላ ስደውል አያነሱም። በረዶው ሳይቀልጥ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ልጃቸው እጄን ይዛ «አባቴ ሁሌ ስላንተ ያወራ ነበር፤ ጠንቃቃ ነው ይል ነበር» አለችኝ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። የሆነውን ሳልነግራት እጇን ጨብጬ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ ደብተሬ አንድ ዓምድ ተጨምሮበታል፤ «በእጅ ዞሯል» ይላል። ካልወጣሁ ባዶውን እተወዋለሁ። ብዙ ባዶ አለው። የሜሞሪያል ድራይቩን መስመር አልሰረዝኩትም፤ «አይዞርም» እንዳለ አለ።

ከምድር የታየ፣ ከምድር ታየ ተብሎ ይጻፍ።