የኮሌጁ ወጥ ቤት ማገዶ

ባጃጅ ዲላ ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። እኔ ያኔ ከከተማው ዳር በሚገኝ አንድ ማሠልጠኛ ኮሌጅ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ነበርኩ። ማዕረጉ ትልቅ ይመስላል እንጂ ሥራዬ የተዘጋ ቧንቧ ማስከፈት፣ የተቃጠለ አምፖል ማስቀየርና ጄኔሬተሩ ናፍጣ እንዳይጨርስ መጠበቅ ነበር።

አንድ ቀን የኮሌጁ ዲን ቢሮአቸው አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ከበላይ አካል የመጣ ደብዳቤ ተዘርግቷል። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የካርቦን ልቀቱን እንዴት እንደሚቀንስ እቅድ እንዲያቀርብ ያዛል።

«ካርቦን ማለት ያው ጭስ አይደል?» አሉኝ መነጽራቸውን አውልቀው።

«ይመስለኛል ጋሼ።»

«እንግዲያው ጭሳችን ከየት ከየት እንደሚወጣ ዞረህ እይልኝ።»

ደብተር ይዤ ግቢውን ዞርኩ። ጥፋተኛው ጄኔሬተሩ ይሆናል ብዬ ነበር። የእሱ ነገር ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የምናስነሣው ለአንዲት የፎቶ ኮፒ ማሽን ስንል ነበር። መምህራኑ ፈተናቸውን መብራት ባለበት ቀን ቀደም ብለው እንዲያባዙ ተስማማንና ጩኸቱ ቀነሰ። ትልቁ ጭስ ከተማሪዎች ወጥ ቤት ነበር የሚወጣው። ሰኞና ሐሙስ ከጪጩ በኩል አንድ አይሱዙ ሙሉ እንጨት ይመጣል፤ ባሕር ዛፍ፣ አንዳንዴም ለቡና ጥላ የነበረ ዋንዛና ብርብራ። ይህ ሁሉ በሰፋፊ ጉልቻዎች ላይ ይነድዳል። የወጥ ቤቱ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ጠቁሯል።

የማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ሥዕል ከአንድ መጽሔት ላይ አገኘሁ። ጡብ፣ ጭስ ማውጫ፣ ለእንጨት መግቢያ ጠባብ አፍ። ተማሪዎቹ ለእረፍት በሄዱበት ሰሞን ግንበኛ ቀጥሬ በሥዕሉ መሠረት አሠራሁት። ወጥ ሠሪዎቹንም ለእረፍት አሰናብተናቸው ስለነበር ማንንም አልጠየቅኩም። ቢኖሩም የምጠይቃቸው አይመስለኝም።

ትምህርት የተጀመረ ዕለት ምሳው የክክ ወጥ ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ድስቱ ገና አልፈላም። ምድጃው ጭሱን በማውጫው ከመላክ ይልቅ በአፉ ይተፋል። ተማሪዎቹ በአዳራሹ ማንኪያቸውን ከሳህን እያጋጩ ሙዚቃ ጀመሩ። ዋናዋ ወጥ ሠሪ ኮሌጁ ከተከፈተ ጀምሮ እዚያ የሠሩ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው የጌዴኦ ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ሦስት ድንጋይ ደጅ አወጡ፣ እንጨቱን አነደዱ፣ ድስቱን ለአራት ሴቶች አሸክመው አወጡት። ምሳ ስምንት ሰዓት ላይ ተበላ።

ዲኑ በረንዳው ላይ ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ «ጭሱን ከቤት ወደ ግቢ አወጣህልን» አሉኝ።

ቢሮዬ ገብቼ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የወጥ ቤቱ ሠራተኞች አዲሱን ምድጃ ለመጠቀም ፈቃደኛ ስላልሆኑ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣቸው የሚጠይቅ። ዲኑ አነበቡት፣ አጠፉት፣ መለሱልኝ።

«አንድ ሳምንት ወጥ ቤት ዋል። ከዚያ በኋላም ይሄንኑ ካመጣህ እፈርምልሃለሁ።»

በማግሥቱ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሄድኩ። እትዬ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ረጅሙን ማማሰያ አስጨበጡኝ። «ና አማስል።» በጌዴኦኛ ዜማ በሚወርድ አማርኛቸው ነው የሚናገሩት።

ድስቱ ምድጃው ላይ ተቀምጦ ደረቴ ድረስ ይደርሳል። ክንዴን ሽቅብ አንሥቼ አማሰልኩ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትከሻዬ ዛለ።

«አንተ ረጅም ነህ» አሉኝ። «እኔን አስበኝ።»

ከዚያ ሁለት ፍልጥ አንሥተው አጋጯቸው። ዱብ የሚል የታፈነ ድምፅ ወጣ። «ይህ ውሃ ነው፤ ዝናብ ላይ ነው የሚከመረው። ውሃ እንዴት ይነድዳል?» ከጣሪያው ሥር ካስቀመጧቸው ደረቅ ፍልጦች ሁለት ወስደው አጋጩ። ቃ! አለ። «እንጨት ይህ ነው። ደግሞ ይህቺን ጠባብ አፍ እያት። ፍልጡ አይገባባትም። ማነው እንደገና የሚፈልጠው?»

ለጊዜው ድስቶቹን በእንሰት ቅጠል ሸፈኗቸው። ቅጠሉ ወዲያው ጠወለገና እንፋሎቱ በየጎኑ አመለጠ።

«ክዳን የላቸውም?» ስል ጠየቅኩ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እትዬ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ዓይናቸው ሁልጊዜ ቀይ ነው። «ሲገዙም ያለ ክዳን ነው የተገዙት። ሦስት ጊዜ አስጽፌ አመለከትኩ። ክፍት ድስት ሙቀቱን ለጣሪያ ነው የሚሰጠው ብዬ። ከአንተ በፊት ለነበረው አመለከትኩ፤ ከእሱም በፊት ለነበረው።»

ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ተመልሼ የወጥ ቤቱን ፋይል አወጣሁ። ሦስቱም ማመልከቻዎች ነበሩ፣ በሌላ ሰው እጅ የተጻፉ፣ በጣት አሻራ የተፈረሙ። በመጀመሪያው ኅዳግ ላይ «በጀት የለም» ይላል። በሁለተኛው ላይ ምንም አልተጻፈም። በሦስተኛው ላይ «ለጊዜው ይቆይ» የሚል ነበር፤ የእጅ ጽሑፉም ፊርማውም የእኔ ነበር። መቼ እንደጻፍኩት አላስታወስኩም። ምናልባት ሻይ እየጠጣሁ፣ ሳላነበው ይሆናል። ብቻዬን ሆኜ ፊቴ ጋለ።

በማግሥቱ ለእትዬ ነገርኳቸው። «ሦስተኛው ላይ ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ማማሰላቸውን አላቋረጡም። «ይኸው ቆየ» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ከመሳቅ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ከዚያ ረጋ ብለው፣ «አሁን አሠራው» አሉኝ።

ያንን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቀደድኩት። ገበያው አጠገብ የሚሠራ ብየዳ ሠሪ ለየድስቱ ልክ ከላሜራ ክዳን ቆረጠልን፤ እጅ እንዳያቃጥል የእንጨት እጀታ ይኑረው ያሉት እትዬ ናቸው። ግንበኛው ምድጃውን አፍርሶ እሳቸውን አጠገቡ አቁሞ በቁመታቸው ልክ ሠራው፤ አፉንም አሰፋው። ከጓሮ በአሮጌ ቆርቆሮ የእንጨት መጠለያ ሠራን። ክኩ ከዋዜማው ጀምሮ እንዲነከር ተስማማን። ዲኑ መጥተው እሳቱን ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ ጭስ ማውጫውን ቀና ብለው ተመለከቱ፤ የሚወጣው ነገር ስስ ነበር። «እቅዱ ላይ የእሳቸውን ሐሳብ የእሳቸው ብለህ ጻፍ» ብለውኝ ሄዱ።

ጻፍኩ። ቅጹ ላይ የተቀነሰውን ካርቦን በቁጥር የሚጠይቅ ሳጥን ነበር። መለኪያ ስላልነበረን በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመጣ የነበረው እንጨት አንድ ጊዜ መሆኑን ብቻ አሰፈርኩ።

ሐሙስ እንዳይመጣ የነገርኩት የእንጨቱ ባለመኪና ግን ሐሙስ ዕለት ባዶ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ጠበቀኝ። ዕድሜው ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ቁጡ ያልሆነ ሰው ነው።

«ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«ምንም። የሰኞው እንጨት ገና አላለቀም። ዛፉም ይተርፋል።»

ወደ መጠለያው አየ፣ የተደረደረውን ፍልጥ። «ዛፉ ይተርፋል፣ እውነት ነው። እኔስ?»

የካርቦኑን ደብዳቤ ከላኩት ሰዎች ጀምሮ እስከ እኔ ድረስ ይህን ጥያቄ ያሰበው ማንም አልነበረም። ምድጃውን ሳልጠይቅ ማሠራቴ አንድ ነገር ነበር፤ ይኸኛው ደግሞ ሌላ። ሌላ የሚጭነው ነገር ልፈልግለት ቃል ገባሁና ጥቂት ነጋዴዎችን አነጋገርኩ፤ አልተሳካልኝም። በኋላ በቡና ለቀማ ጊዜ ከጨለለቅቱ አካባቢ እሸት ቡና ማመላለስ መጀመሩን ራሱ መንገድ ላይ አቁሞኝ ነገረኝ። ከቡናው ወቅት ውጭ ስላለው ኑሮው አልጠየቅኩትም፤ መጠየቅ ነበረብኝ።

እትዬ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሠርተው በጡረታ ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት ወጥ ቤቱን ኖራ እንድናስቀባ ጠየቁኝ። በዚያው ሳምንት አስቀባሁት።