የፋሲካው በግ ሞራ

በጠዳ ሰው ዘንድ የደብሪቱ ስም የሚነሣው በሁለት ነገር ነበር፤ በወጥ እጇና በባሏ። ወጧን የቀመሰ ሁሉ ያመሰግናታል፤ ባሏን ግን ደፍሮ የሚያመሰግነው አልነበረም። ጣልያን ድል ሆኖ ሲወጣ ጎንደር ከተማ ላይ የቀረ መካኒክ ነበርና። ክርስትና ተነሥቶ ወልደ ዮሐንስ ቢባልም፣ ጠዳ «የደብሪቱ ፈረንጅ» ከማለት አልተመለሰችም። ደብሪቱ ይህን በሰማች ቁጥር አንገቷን አቅንታ ታልፋለች። አንገት መድፋት በእናቷም በአባቷም ወገን አልነበረም።

በዚያ ዓመት ፋሲካ ግን አንገት ማቅናት ብቻውን አልበቃትም። ባሏን ከዘመዶቿ ማዕድ፣ ከአጎቷ ከአያ ክንዱ ጎን ልታስቀምጠው ቆረጠች። ሁዳዴን ሙሉ አብሯት ጾሟል፤ ስልጆ ሲያቀርቡለት ሰናፍጩ እንባ በእንባ አድርጎት ሳለ እጁን ዳግም ሲሰድ በዓይኗ አይታለች። «እጁን አወዛውዞ መጣ» እንዳይባልም የበዓሉን በግ እርሱ እንዲገዛው አደረገች።

የትንሣኤ ዕለት ጧት ባልና ሚስት በወልደ ዮሐንስ የጭነት ማኪና ጠዳ፣ ደብሪቱ ካደገችበት ቤት ደረሱ። ማኪናው ከእንፍራንዝ የተሰበሰበ ቆዳ ተጭኖበታል፤ ወልደ ዮሐንስ በማግስቱ ሊማሊሞን አቋርጦ አሥመራ ሊያደርሰው ነበር። በጉን የደብሪቱ ታናሽ ወንድም ውድነህ በስመ አብ ብሎ አረደው። ውድነህ ከእኅቱ ባል መንዳት የተማረና ከሳቅ በቀር ሌላ የማያውቅ ጎበዝ ነበር።

ሆድ ዕቃው ሲወጣ ወልደ ዮሐንስ የበጉን አንጀት የሸፈነውን ስስ ስብ፣ ሞራውን አየና ፊቱ በራ።

«አያ ክንዱ፣ ይህን ለእኔ ስጠኝ! እናቴ በፋሲካ ጉበት በዚህ ጠቅልላ ትጠብስልን ነበር።»

የሰው ዓይን ሁሉ ወደ አያ ክንዱ ዞረ። አያ ክንዱ በአገሩ የታወቀ ሞራ ገላጭ ነው፤ ሞራ ወደ ብርሃን ዘርግቶ መጪውን ያነባል። ቀድሞ የተናገረው ግን ውድነህ ነበር።

«እቴ፣ ባልሽ ዕጣ ፋንታችንን ጠብሶ ሊያበላን ነው!»

ሁሉም ሳቀ። አያ ክንዱም ፈገግ ብሎ፣ «ቆይ ልጄ፤ መጀመሪያ ይነበብ፤ ከዚያ ትበላዋለህ» አለና ሞራውን ወደ ፀሐይ ዘረጋው።

ሞራ ሲነበብ ሴት አትቆምም። ደብሪቱ ግን ልጅ ሳለች ከጎታ ጀርባ ተሸሽጋ እየሰማች ጥቂት ነገር ሰርቃለች፤ አሁንም ከማድቤቱ ደጃፍ ፈቀቅ አላለችም። ፀሐይዋ በስቡ ውስጥ ስታልፍ አየች። ከዳሩ ግድም እንደ ጉድጓድ የተሸነቆረ ባዶ ነበር፤ ወደ እርሱ አንድ ጥቁር ሥር ወርዶ እዚያው ቀርቷል። መንገድ ነው፤ መመለሻ የሌለው መንገድ።

የአያ ክንዱ ፈገግታ እንደ ጧት ጤዛ ተነነ። ሞራውን አጥፎ በጡጫው ጨበጠው።

«አያ፣ ምነው ዝም አልህ?» አለው ውድነህ።

«ሸጋ ነው። ክረምቱ ሸጋ ነው።»

ደብሪቱ አላመነችውም። ዝናም ያየ ሰው ሞራውን በጡጫው አይጨብጥም። በጉን የገዛው ባሏ፤ ነገ መንገደኛው ባሏ። እንግዲህ ዕጣው የማን ሊሆን ነው? አጎቷን ብትጠይቅ ግን የወንዶችን ምሥጢር ሰርቃ ማየቷን ልታምን፣ የኮራችበት በግም ክፉ ይዞ መምጣቱን በአፏ ልትመሰክር ነው። አልጠየቀችም።

ወልደ ዮሐንስ ጉበቱን በሞራው ጠቅልሎ በፍም ላይ ጠበሰው፤ እንደ አገሩ ሰው ሊያጎርሳቸውም ዞረ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

«ወዲህ በል!» አለ ውድነህ አፉን ከፍቶ። «ከበላሁት ወዲያ ምን ያደርገኛል?»

አያ ክንዱ የጠላ ዋንጫውን ሳይጨርስ አስቀምጦ ወጣ።

ሲመሽ ደብሪቱ ሞተሩ የሚቀሰቀስበትን ብረት፣ ማኖቬላውን፣ ወስዳ ከጎታው እህል ውስጥ ቀበረችው። በማግስቱ፣ በማዕዶት፣ ወልደ ዮሐንስ ማኪናውን ሲበረብር ቆይቶ ወደ እርሷ ዞረ።

«ማኖቬላው የት አለ?»

«እኔ ዘንድ ነው። አንተ ዛሬ አትሄድም።»

«ደብሪቱ፣ ቆዳው ይበላሻል!»

«ይበላሽ። ከዚህ ወዲያ አትጠይቀኝ።»

እንዲህ መንገድ ዘግታበት አታውቅምና ተረታ። ያን ጊዜ ውድነህ ከማጀቱ እያፏጨ ብቅ አለ።

«እኔ እነዳዋለሁ! ሊማሊሞን እንደ ደጃችን አውቀው የለ! ፈረንጁ ከሚስቱ ጋር ይክረም።»

ደብሪቱ ከልቧ ሳቀች። እጇን እስከ ክርኗ ወደ ጎታው ሰድዳ ማኖቬላውን አወጣች፤ ጤፉን በቀሚሷ ጠርጋ በገዛ እጇ ለወንድሟ ሰጠችው። ስንቁንም ቋጠረችለት። ማኪናው እስኪሰወር ድረስ ውድነህ ጥሩምባውን ሲነፋ ይሰማት ነበር።

ቀትር ላይ አያ ክንዱ ከዘራውን ተመርኩዞ መጣ። ወልደ ዮሐንስን ከበረንዳው ተቀምጦ ሲያይ ቆም አለ።

«ውድነህስ?»

«ማኪናውን ይዞ ሄደ፤ እኔ ነኝ የላክሁት» አለች ደብሪቱ፤ ድምፅዋ ውስጥ የትናንቱ ኩራት ተመልሷል። «አትቆጣኝ አያ፤ ሞራውን አይቻለሁ። የበጉን ባለቤት አስቀረሁት።»

ሽማግሌው ቀስ ብሎ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«የትንሣኤ ዕለት መርዶ አይነገርም ብዬ ትናንት ተውሁት፤ ዛሬ ውድነህን ከቤት እንዳትወጣ ልለው ነበር የመጣሁት» አለ። «አንቺ ልጅ፣ ሞራ የገዛውን አያውቅም። ሞራ የሚያውቀው ቢላዋ የያዘውን ነው።»

ወልደ ዮሐንስ ከነገሩ የገባው ግማሹ ብቻ ነበር፤ የሚስቱን ፊት ሲያይ ግን ሌላውን ግማሽ አልጠበቀም። ሮጦ የጎረቤት በቅሎ ፈታና ያለ ኮርቻ ዘሎ ወጣባት።

ደብሪቱ ዓይኗን ከአጎቷ ከንፈር ላይ አልነቀለችም። «ፍጠን፤ ትደርስበታለህ» የሚል ቃል ትጠብቅ ነበር። በቅሎይቱ ከአጥሩ ወጣች፤ ኮቴዋም ራቀ። አያ ክንዱ ግን ነጠላውን ወደ ትከሻው አመጣና፣ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው፣ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።