እስቲ በቃልሽ አጫውቺኝ

መምህሩ በአዳማ ሙቀት እንኳ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ። የሰው ጽሑፍ ገልብጦ የመጣ ተማሪን አይቆጡም፤ ወረቀቱን ወደ ጎን ያደርጉና በቃሉ እንዲያጫውታቸው ይጠይቁታል። ሱሃይላ ስለ ሸንኮራ አገዳ ቆራጮች ኑሮ ከኢንተርኔት እንዳለ ገልብጣ በመጣች ቀን ይኸው ደረሰባት። የገለበጠችውን በቃሏ ልትደግም ሞከረች።

«አገዳ የሚቆርጥ ሰው አታውቂም?» አሏት።

«አባቴ ወንጂ ይቆርጣል፤ ሲቆርጥ ደግሞ ያንጎራጉራል» አለችና እየፈራች ዜማውን ጀመረችላቸው።

ቀጣዩን ስንኝ መምህሩ ተቀብለው አዜሙት። ሱሃይላ በሳቅ ፈነዳች።

«እርስዎም የወንጂ ልጅ ነዎት እንዴ?»

«መጀመሪያ ያንቺን ጽፈሽ አምጪ፤ ከዚያ የእኔን እነግርሻለሁ።»

የዚያን ቀን ወደ ወንጂ በሚሄደው ሚኒባስ ስትሳፈር፣ አባቷን የምትጠይቀው ነገር በዝቶባት ለብቻዋ ፈገግ ትል ነበር።