«ዘይት ጨምሪበት»

አምና ቤንዚን ሲወደድ ሁሉም ነገር ተከትሎ ተወደደ። የታክሲ ሂሳብ ብቻ ያው ስሙኒ ነበር። አባባ ደግሞ የሚያኖሩን ከኮልፌ ጦር ኃይሎች በሚመላለሱባት አንዲት አሮጌ ታክሲ ነው። ጋራዡ ዋጋ ሲጨምርባቸው፣ «ከእንግዲህ ሐኪሟ እኔ ነኝ» አሉ። ነርሷ እኔ ሆንኩ። ማትሪክ ወድቃ እቤት የተቀመጠች ልጅን ማን ፈቃዷን ይጠይቃል?

እውነቱን ለመናገር አባባ መንዳት እንጂ መጠገን አይችሉም። የቤንዚን ታንከሩ ሲያፈስ ሳሙና ይለጥፉበታል። በሩ ሲወልቅ በሽቦ ይጠፍሩታል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፍሬኑ ላላ። አባባ ከሥሯ ገብተው አየሩን ያስወጣሉ፤ እኔ መሪው ጋ ተቀምጬ ፔዳሉን እረግጣለሁ።

«ርገጪ! ልቀቂ! ርገጪ! ኧረ ቀስ፣ ጭቃ እያቦካሽ ነው እንዴ?»

«እግሬ ዛለ እኮ፣ አባባ!»

«ለወሬ ሲሆን ሳንሱሲ ድረስ በእግርሽ ትሄጂ የለ!»

ኋላ፣ «ዘይት ጨምሪበት» አሉኝ። የፍሬን ዘይት የነበረባትን ትንሿን ጣሳ ብገለብጣት ጠብ የሚል ነገር የለም። አጠገቧ የሞተር ዘይት በትልቅ ጣሳ ተቀምጧል። ዘይት አይደል የተባልኩት? ሞላሁት።

ሲጨርሱ ትንሽ ነዱና ፍሬን ያዙ። ቀጥ አለች። «ልጄ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር!» አሉ፣ ጎረቤት እየሰማ። ማትሪክ ከወደቅሁ ወዲህ ከአፋቸው ደግ ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

በትንሿ ጣሳ ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ ያነበብኩት ዕቃውን ሳነሳ ነው። ሌላ ዘይት አትቀላቅሉ፣ የፍሬኑን ላስቲክ፣ ጎሚኒውን፣ ያበላሻል ይላል። ፈተና ላይ የጣለኝ እንግሊዝኛ ያን ቀን አንድ ቃል አላመለጠኝም። አፏ አያርፍም የምባለው እኔ ዝም አልኩ። ያችን ምስጋና መመለስ አቃተኝ።

እሑድ ሁላችንም በዚያችው ታክሲ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አባባ፣ «ፔዳሉ ጠጠር አለብኝ» ሲሉ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ሰኞ ጠዋት ግን አላስቻለኝም። ፌርማታው ላይ ሰው ጭነው ሊነሱ ሲሉ ሮጬ ደረስኩ።

«አባባ፣ እንዳይነዱ! ፍሬኑ ውስጥ የጨመርኩት የሞተር ዘይት ነው!»

ከኋላ የተቀመጡ ወፍራም ሴትዮ ከበሩ ጋር እየታገሉ፣ «በስሙኒ ሰማይ ቤት ልታደርሱን ነው እንዴ?» አሉ። ሰው ሳቀ። አባባ አልሳቁም።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ቅዳሜ።»

«ትናንት እናትሽ ከኋላ ነበረች።»

«እኔም ነበርኩ» አልኩ፣ መልስ መስሎኝ።

ጋራዥ ገብቶ ፍሬኑ ሲፈታ ጎሚኒዎቹ ውሃ እንደጠጣ ባቄላ አብጠው ወጡ። ሁሉም ተለወጡ፤ ለዚያም ሬዲዮናችን ተሸጠ። አባባ አልመቱኝም፣ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁንም መኪናዋ ሥር ይገባሉ። ፔዳሉን የምትረግጠው ግን እናቴ ናት። እኔ ከቤት ሆኜ እሰማለሁ፤ «ርገጪ! ልቀቂ!» ይላሉ። እናቴ ከእኔ ብሳ ትረግጣለች። ጭቃ እያቦካሽ ነው እንዴ ብለዋት ግን አያውቁም።